«ፈርመው ይሆናል» በፈረንሳይኛ፦ ሱብዦንክቲፍ ፓሴ ለጋዜጠኛ ምን ይሠራለታል?

የፈረንሳይኛ ኮርስ የወሰደ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ሱብዦንክቲፍ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። የአሁኑ እንኳ እንደምንም ተሸምድዶ ያልፋል። ያለፈው፣ ማለትም ሱብዦንክቲፍ ፓሴ ሲመጣ ግን «ይሄ ለፈተና ካልሆነ ምን ይሠራል?» የሚለው ይበዛል። እኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከፈረንሳይኛ ሰዋስው ውስጥ ለጋዜጠኛ የዚህን ያህል የሚያስፈልገው ክፍል ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ለምን ቢሉ፣ የተረጋገጠ ዜናና ገና የሚያጠራጥር ወሬ በአንድ ዓይነት የግስ መልክ ለብሰው የሚመጡት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ፈረንሳይኛ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲም ከዓረብኛ ጎን ለጎን በይፋ የምትሠራበት በፈረንሳይኛ ነው። ነገ ዜና ክፍል ስንገባ በፈረንሳይኛ የተጻፈ መግለጫ ተሰጥቶን «በአማርኛ ሥሩት» ልንባል እንችላለን።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ምሳሌዎቹን በሙሉ እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ፈረንሳይኛ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ስለሚበዛበት አጻጻፋቸውን ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩት።

አመሠራረቱ

ለአማርኛ ተናጋሪ አመሠራረቱ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛ «ፈርመው ይሆናል» ስንል ሁለት ነገር እናጋጥማለን። «ፈርመው» የተፈጸመውን ድርጊት ይነግረናል፤ «ይሆናል» ደግሞ ተናጋሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ያሳያል። ፈረንሳይኛም የሚያደርገው እንዲሁ ሁለት ማጋጠም ነው፤ ረዳት ግስ ከፊት፣ ዋናው ግስ ከኋላ። ረዳቱ «አቭዋር» ወይም «ኤትር» ሲሆን የሚረባውም በአሁኑ ሱብዦንክቲፍ ነው። ዋናው ግስ ደግሞ ፓርቲሲፕ ፓሴ የሚባለውን፣ ማለትም የተፈጸመ ድርጊት የሚያሳየውን መልክ ይይዛል። ፓሴ ኮምፖዜ የሚችል ሰው ሥራው ግማሽ አልቆለታል ማለት ነው፤ የሚለወጠው ረዳቱ ብቻ ነዋ።

በአቭዋር ሲረባ፣ «መናገር» የሚለውን ግስ ብንወስድ፦

እኔ – ክ ዤ ፓርሌ
አንተ/አንቺ – ክ ትዩ ኤ ፓርሌ
እሱ – ኪ ሌ ፓርሌ
እኛ – ክ ኑ ዜዮን ፓርሌ
እናንተ/እርስዎ – ክ ቩ ዜዬ ፓርሌ
እነሱ – ኪል ዜ ፓርሌ

በኤትር ሲረባ፣ «መሄድ» (ፓርቲር)፦

እኔ – ክ ዠ ስዋ ፓርቲ
አንተ/አንቺ – ክ ትዩ ስዋ ፓርቲ
እሱ – ኪል ስዋ ፓርቲ
እኛ – ክ ኑ ስዋዮን ፓርቲ
እናንተ/እርስዎ – ክ ቩ ስዋዬ ፓርቲ
እነሱ – ኪል ስዋ ፓርቲ

ኤትርን የሚወስዱት እንደ መሄድ፣ መምጣት፣ መድረስ፣ መውጣት፣ መወለድና መሞት ያሉ ጥቂት ግሶች ናቸው፤ ድርጊቱ ወደ ራሱ ወደ አድራጊው የሚመለስባቸው ግሶችም (መታጠብ፣ መነሳት) ይጨመራሉ። የቀሩት ወደ አቭዋር ይሄዳሉ። በኤትር ሲሆን ፓርቲሲፑ ከባለቤቱ ጋር በፆታና በቁጥር ይስማማል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚታየው በጽሑፍ ነው፤ አንዳንዴ ግን ይሰማል። «ኪል ስዋ ሞር» ስለ ወንድ ነው፤ «ኬል ስዋ ሞርት» ስለ ሴት።

መቼ ነው የምንጠቀምበት?

ሱብዦንክቲፍ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይቆምም። ከፊቱ የሚጠራው ቃል አለ። ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ጥርጣሬና ግዴታ የሚገልጹ ግሶች ይጠሩታል፤ «ቢየን ክ» (ምንም እንኳ) እና «አቫን ክ» (ከ... በፊት) ያሉ ማያያዣዎችም እንዲሁ። ከተጠራ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የአሁኑ ይሁን ያለፈው የሚለው ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ የጥገኛው ሐረግ ድርጊት ከዋናው ሐረግ ቀድሞ ካለቀ ፓሴ ይሆናል።

«ዠ ስዊ ኮንታን ክ ትዩ ቪየን» ማለት ልትመጣ በመሆንህ ደስ ብሎኛል ነው፤ ገና አልመጣህም። «ዠ ስዊ ኮንታን ክ ትዩ ስዋ ቨንዩ» ግን ስለመጣህ ደስ ብሎኛል ነው፤ መምጣቱ ከደስታው ቀድሟል።

«ፓሴ» የሚለው ስም እንዳያሳስታችሁ። ድርጊቱ የግድ ትናንት የሆነ መሆን የለበትም። «ኢል ፎ ክ ቩ ዜዬ ፊኒ አቫን ሚዲ» ሲባል ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሳችሁ መገኘት አለባችሁ ማለት ነው። ሥራው ገና ያልተጀመረ ሊሆን ይችላል፤ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ እንዲያልቅ ስለተፈለገ ግን ፓሴ ገባ።

ሦስት ቦታ ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የሁለቱም ሐረጎች ባለቤት አንድ ሰው ከሆነ ፈረንሳይኛ ንዑስ አንቀጽን ይመርጣል፤ «በመምጣቴ ደስ ብሎኛል» ለማለት «ዠ ስዊ ኮንታን ዴትር ቨንዩ» ይባላል። ሁለተኛ፣ «ተስፋ አደርጋለሁ» በእኛ ጆሮ ጥርጣሬ ያለበት ቢመስልም በፈረንሳይኛ ሱብዦንክቲፍን አይጠራም። «አስባለሁ»ም እንደዚያው ነው፤ «አይመስለኝም» ሲሆን ግን ይጠራል። ሦስተኛ፣ «አፕሬ ክ» (ከ... በኋላ) በሰዋስው ሕጉ ሱብዦንክቲፍ አይፈልግም፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ግን በንግግርም በጽሑፍም ብዙ ጊዜ ያስገቡታል። ስለዚህ ብትሰሙት አትደነቁ።

በድሮ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት ሁለት ሌሎች የሱብዦንክቲፍ ጊዜያት ታገኛላችሁ። በዛሬ ንግግር ቦታቸውን የአሁኑና ያለፈው ወስደውታል፤ ዋናው ሐረግ ኃላፊ ጊዜ ቢሆንም እንኳ።

ዋናው ቁም ነገር

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። ሱብዦንክቲፍ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚባለው «የጥርጣሬ መልክ ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ለጋዜጠኛ ደግሞ ግማሽ እውነት አደገኛ ነው። እስቲ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ፦

«ቢየን ክ ሌ ረቤል ኤ ሲኜ ላኮር...»
«ኢል ኔ ፓ ሴርቴን ክ ሌ ረቤል ኤ ሲኜ ላኮር።»

«ሌ ረቤል ኤ ሲኜ ላኮር» የሚለው በሁለቱም ላይ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የመጀመሪያው ግን «አማፅያኑ ስምምነቱን ቢፈርሙም...» ነው፤ መፈረማቸው ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው «አማፅያኑ ስምምነቱን መፈረማቸው እርግጠኛ አይደለም» ነው። የመጀመሪያውን «ፈርመው ይሆናል» ብሎ የተረጎመ እውነቱን አድበሰበሰ፤ ሁለተኛውን «ፈረሙ» ብሎ ርዕስ ያወጣ ያልተረጋገጠ ነገር ለሕዝብ ነገረ። የሰላም ስምምነት በሚጠበቅበት አገር ሁለቱም ቀላል ጥፋት አይደሉም።

«ዠ ረግሬት ኪል ስዋ ሞር» የሚለውም ያው ነው። «መሞቱ ያሳዝነኛል» ማለት ነው፤ ሰውየው ሞቷል፣ ጥርጥር የለውም። ሱብዦንክቲፍ የገባው ተናጋሪው ሞቱን ስለተጠራጠረ አይደለም፤ ዋናው መልእክት ሐዘኑ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ነገሩ መሆን አለመሆኑን የሚነግረን የግሱ መልክ ሳይሆን የጠራው ቃል ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። «ቢፈርሙ ጦርነቱ ይቆማል» ስንል ገና አልፈረሙም። «ቢፈርሙም ጦርነቱ አልቆመም» ስንል ግን ፈርመዋል። ያቺው «ቢ» ናት፤ በዙሪያዋ ያሉትን ቃላት አይተን እንለያለን እንጂ «ቢ» ባየን ቁጥር «ጥርጣሬ ነው» አንልም። ለፈረንሳይኛውም ይህንኑ ልማዳችንን ይዘን መግባት ነው።

ሱብዦንክቲፍን ከሌላ የጋዜጣ መልክ ጋር ማምታታትም አለ። የፈረንሳይ ጋዜጦች ያላረጋገጡትን ወሬ ሲያወጡ ኮንዲስዮኔል ይጠቀማሉ፤ «ሌ ረቤል ኦሬ ሲኜ ላኮር»። ይህ «ፈርመዋል እየተባለ ነው» እንደማለት ነው። ኦሬ ብቻውን ቆሞ «እኔ አላረጋገጥኩም» ይላል፤ ኤ ግን ሌላ ቃል ካልጠራው አይመጣም።

ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። «ኪ ላ ፓርሌ» እና «ኪ ሌ ፓርሌ» የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያው ተራው ኃላፊ፣ ሁለተኛው ሱብዦንክቲፍ ነው። «ኪ ሌ ፓርሌ» አንድ ሰው ሲሆን «ኪል ዜ ፓርሌ» ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥሩን የምታሳየው «ዜ» ናት። ስለዚህ ጆሯችን ግሱ ላይ ብቻ ከተተከለ ያመልጠናል፤ ከ«ክ» በፊት የተባለውን መያዝ ይሻላል።

በአጭሩ፣ ከፈረንሳይኛ ዜና ስንተረጉም ሱብዦንክቲፍ ፓሴ ሲገጥመን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ጠራው? የጠራው ቃል ነገሩን ተቀብሎታል ወይስ ተጠራጥሮታል? ድርጊቱስ ከምን ቀድሞ ነው ያለቀው? መልሱ ከተገኘ አማርኛው ራሱ ይመጣል፤ «ቢፈርሙም» ወይም «መፈረማቸው» ወይም «ፈርመው ይሆናል» ይሆናል። ረዳት ግሱን የዘነጋ ተማሪ በፈተና ሁለት ነጥብ ቢቀነስበት ነው። የጠራውን ቃል የዘነጋ ጋዜጠኛ ግን የሚቀነስበት ከአንባቢው አመኔታ ነው። ቸር ይግጠመን!