የአክሲደንት ጠበቃ ከየት ይመጣል?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ «የአክሲደንት ጠበቃ» የሚለውን ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ራሱ ግን ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሪዞና በመጣ ክርክር ክልከላውን እስኪያነሳ ድረስ ጠበቃ እንደ ነጋዴ ራሱን ማስተዋወቅ አይፈቀድለትም ነበር። ዛሬ ሁሉም «የረጅም ዓመት ልምድ አለኝ» ይላል፤ የምን ልምድ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ከጥብቅና ፈቃዱም ብዙ ነገር አይታወቅም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ሕግ ተምሮ የግዛቱን ፈተና ያለፈ ሰው ኑዛዜም ያዘጋጃል፣ ፍቺም ይከራከራል፣ እግሩ ለተሰበረ ደንበኛም ካሳ ይጠይቃል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ከዋለበት ቦታ ነው።

ከነባሮቹ ብዙዎቹ የጀመሩት በተቃራኒው ወገን፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጥብቅና በመቆም ነው። የኩባንያው ገማች የወገብ ሕመምን በስንት እንደሚተምን፣ የትኛው የሕክምና ማስረጃ እንደሚያሳስበው፣ ኩባንያው የሚመርጠው መርማሪ ሐኪም ምን ብሎ እንደሚጽፍ ከውስጥ ሆነው አይተዋል። በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ ስንቅ የለም።

ሌሎቹ ከዐቃቤ ሕግነት ይመጣሉ፤ እነዚህ ጁሪ ፊት መቆም አይከብዳቸውም። ዓለም በኦ ጄ ሲምፕሰን ችሎት ያወቀው ጆኒ ኮክራን በ1963 ሥራ የጀመረው በሎስ አንጀለስ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ደግሞ በበርካታ ግዛቶች የጉዳት ካሳ ይከራከራል። ነርስ ሆነው ሠርተው ወደ ሕክምና ስሕተት ክርክር የገቡም አሉ።

አብዛኛው ጉዳይ በስምምነት ስለሚያልቅ፣ አንዳንዱ ጠበቃ ችሎት ሳይቆም ዓመታት ያስቆጥራል። ኢንሹራንሱም ይህን ስለሚያውቅ የሚያቀርብለት ገንዘብ ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ስንት ዓመት ሠሩ?» ከማለት «ለመጨረሻ ጊዜ ጁሪ ፊት የተከራከሩት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቴክሳስ በጉዳት ካሳ ክርክር ለተካኑ ጠበቆች በፈተናና በችሎት ልምድ የሚገኝ የስፔሻሊስት ማረጋገጫ ትሰጣለች፤ የሚይዙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የሠሩበት ግዛትም ይለያል። በካሊፎርኒያ ተጎጂው የጥፋቱ ድርሻ ቢኖረውም ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሰሜን ካሮላይናና በአላባማ ግን ጥቂት ጥፋት እንኳ ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረገ በመርህ ደረጃ ካሳውን በሙሉ ያሳጣል። ዲሲም ይህንኑ ትከተል ነበር፤ በ2016 ግን በመኪና ለሚገጩ እግረኞችና ብስክሌተኞች አላልታዋለች። ይርጋውም እንደዚሁ ነው፦ በአካል ጉዳት በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድ ሦስት።

ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከሚገኘው ካሳ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ክስ ከተመሠረተ እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ውሉ ላይ መታየት ያለበት የክርክሩ ወጪ መቼ እንደሚቀነስ ነው። ካሳው 90,000 ዶላር፣ ወጪው 12,000 ቢሆን፣ ጠበቃው ሲሶውን ከጠቅላላው ከወሰደ ለደንበኛው 48,000 ይተርፈዋል፤ ወጪው መጀመሪያ ከተቀነሰ 52,000።