የአጥንት መሙያ፦ ቀዳዳው እንዴት ይሠራል?

ከጀሞ ወይም ከጎፋ ሥጋ ቤት ለቅቅል የመጣ ቅልጥም ካለ፣ በጉልበቱ በኩል የተቆረጠውን ጫፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ዙሪያው ድፍን ነው። ውስጡ ግን ቀጫጭን ዘንጎች የተጠላለፉበት፣ ባለብዙ ቀዳዳ ነው፤ ከግማሽ በላዩ፣ አንዳንዴም እስከ 90 በመቶው፣ መቅኔና ደም የሚያድሩበት ክፍት ቦታ ነው። ዘንጎቹም ሸክም በሚያርፍበት አቅጣጫ የተሰለፉ ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት እንደ ሸክሙ ራሱን እንደሚቀርጽ በ1892 እ.ኤ.አ. ጽፏል።

የተሰበረ አጥንት በደንብ ተስተካክሎ ከታሰረ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። የሚያስቸግረው ሲጎድል ነው። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወርደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ቅልጥሙን ያደቀቀው ሰው ብዙ ሴንቲሜትር አጥንት ሊያጣ ይችላል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ሰውነት በአጥንት ፈንታ በጠባሳ ይሞላዋል። ሐኪሞች ከራሱ ከታማሚው ዳሌ ቆርሰው ይተክላሉ። ከዚህ የተሻለ መሙያ እስካሁን የለም፤ ግን ዳሌ የሚሰጠው ጥቂት ነው፣ የተቆረሰበትም ቦታ ያማል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ስካፎልድ የሚሉትን ሰው ሠራሽ ድጋፍ ይቀርጻሉ። ሴሎች ገብተውበት አጥንት ይሠራሉ፤ ድጋፉም እየሟሟ ቦታውን ይለቃል። እዚህ ላይ ከቁሱ ይልቅ ቀዳዳው ይበልጥብኛል። የአጥንት ሴል ስፋቱ ከሚሊሜትር መቶኛ ሁለት ሦስት እጅ ገደማ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳም ያልፋል። ደም ሥር ግን አያልፍም፤ ከደም ሥር 0.2 ሚሊሜትር ያህል የራቀ ሴል ደግሞ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ለዚህ ነው 0.3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ የሚመረጠው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ መገናኘትም አለባቸው። የእንጀራ ዓይን ከላይ ተከፍቶ ከታች ተዘግቷል፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ የቱንም ያህል ቢበዛ ደም ወደ መሃል አያደርስም።

ታዲያ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ድጋፉ ይደክማል። የንድፉ ሥራ በሙሉ እዚህ ድርድር ላይ ነው። ቀዳዳ ለማበጀት አንዱ ቀላል ዘዴ ድጋፉ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ከጨው ጋር ቀላቅሎ ማጠንከር፣ ከዚያ በውኃ ማጠብ ነው፤ ጨው በነበረበት ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳውን በልክ ለመደርደር ግን ባለሦስት ገጽታ ማተሚያ ይሻላል።

ድጋፉ ከበሬ አጥንትም ይሠራል። በ900 ዲግሪ ገደማ ሲተኮስ ስቡና ፕሮቲኑ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ የሚቀረው ነጭ የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው፣ ተፈጥሮ የሠራችው ቀዳዳም ሳይፈርስ። ከከብት አጥንት የተዘጋጀ መሙያ በውጭ አገር በተለይ የጥርስ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ለሆነች አገር ይህ በብርቱ ሊጠና ይገባል። ድካሙም ይታወቃል፦ ሲጫኑት በቀላሉ ይሰበራል፣ ሰውነት ውስጥም ለዓመታት አይሟሟም። ስለዚህ ቅልጥም ላይ ሲገባ፣ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ሸክሙን የሚችለው የብረት ዘንግ ነው።