ስልኩ 3 ዲግሪ እያለ ውርጩ ከየት መጣ?

ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ማለዳ ስልካችሁን ስትከፍቱ የአየር ሁኔታ መተግበሪያው «3 ዲግሪ» ሊላችሁ ይችላል። ውሃ የሚረጋው ደግሞ 0 ላይ ነው። ታዲያ የባቄላው ማሳ ለምን ነጭ ለበሰ? መተግበሪያው ዋሸ እንዴ?

አልዋሸም። የነገራችሁ የአየሩን ሙቀት ነው፤ እሱም የሚለካው ከመሬት እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ቅጠሉ ያለው ግን እታች ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቅጠሉም አፈሩም ሙቀታቸውን ወደ ላይ ይለቃሉ፤ መልሶ የሚሰጣቸው ደመና የለም። ስለዚህ ከአየሩ በተወሰኑ ዲግሪዎች ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። ቅጠሉ ከ0 በታች ሲወርድ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ እንኳን ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል። ውርጭ «መታው» እንላለን እንጂ ከላይ የሚወርድ ነገር የለም፤ እዚያው ቅጠሉ ላይ ነው የሚያድገው።

ከባዱ መጀመሩ ነው። ንጹህ የውሃ ጠብታ መነሻ ካላገኘ ከ0 በታች እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። መነሻው አቧራ ወይም ጭረት ሊሆን ይችላል። የሚገርመው ግን ባክቴሪያም መሆኑ ነው። ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የምትባለው፣ ቅጠል ላይ የምትኖር ባክቴሪያ፣ በላይዋ ያለው ፕሮቲን የውሃ ሞለኪውሎችን ልክ በረዶ ውስጥ እንደሚደረደሩት አድርጎ ያሰልፋቸዋል። በዚህም ከ0 በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ላይ በረዶ ታስጀምራለች። በፈረንጆቹ 1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ፕሮቲን እንዳትሠራ የተደረገች ዝርያዋ እንጆሪ ማሳ ላይ ተረጭታ ተሞክራለች።

ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ስስታም ነው። አጠገቡ ያሉ ያልረጉ ጠብታዎች እየተነኑ እሱ ላይ ያርፋሉ፤ እነሱ ሲያንሱ እሱ ይፋፋል። ወደ አየሩ ወጣ ያለው ጫፍ እርጥበቱን ቀድሞ ስለሚያገኝ ቶሎ ይረዝማል፤ ላባ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረው በረዶም ዘመዱ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይቀለባል።

ሰብሉን የሚገድለው ግን ላዩ ላይ የሚታየው ነጭ አይደለም። በረዶው ቅጠሉ ውስጥ፣ በሴሎች መሀል ሲፈጠር ውሃቸውን መጥጦ ያደርቃቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ይጠወልግና ይጠቁራል።

እና አገር ቤት ስትደውሉ ከስልኩ ቁጥር ይልቅ «ማታ ሰማዩ ጠርቷል? ነፋስስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠርቶ ነፋስም ከሌለ፣ ስልኩ 3 ቢልም፣ የጓሮውን ችግኝ ሳይመሽ በገለባ ወይም በጨርቅ መሸፈን ነው።