ፒክስል አርት፦ በደካማ ኮምፒውተር ጌም መሥራት ለሚፈልጉ የኮምቦልቻ ተማሪዎች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ቫንጋርድ» የተባለው ጌም በወጣ በቀናት ውስጥ በብዙ አገር ያሉ ሙስሊሞችን አስቆጣ። በጌሙ አንድ ክፍል ውስጥ የቁርኣን ገጾች ወለል ላይ ተበትነው ይታዩ ነበር። አምራቹ አክቲቪዥን ይቅርታ ጠይቆ ገጾቹን ከጌሙ አነሳ። ጉዳዩ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ፤ ሆኖም ጌም ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ድንጋይ፣ ወረቀትና ግድግዳ ሰው ወስኖ ያስቀመጣት መሆኗን አሳይቶናል። ልጆቻችን በሚጫወቷቸው ብዙ የጦርነት ጌሞች ውስጥ መስጂድና የዐረብኛ ጽሑፍ የሚታዩት ተኩስ በሚካሄድበት መንደር ነው። ሌላ ዓይነት መንደር እንዲታይ የሚፈልግ፣ ያንን መንደር የሚስል ሰው ማግኘት አለበት።

በአገራችን ሙከራው ተጀምሯል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ንና ገበጣን በስልክ የሚያጫውት ጌም አዘጋጅቷል። ኮምቦልቻም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መቀመጫ ስለሆነች፣ ኮድ መጻፍ የሚችል ወጣት አታጣም። የሚያስቸግረው ሥዕሉ ነው። ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ተሰባስበው ጌም ሲጀምሩ ኮዱ ይገፋል፣ ሥዕሉ ግን በየመንገዱ ይቀራል። በመጨረሻም ከኢንተርኔት የተለቃቀሙ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ምስሎች ይደረደራሉ። የመሣሪያ ችግርም አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ወቅት ዩኒቨርሲቲው ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ብዙ ተማሪ ዛሬም የሚሠራው ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቡድን የሚመቸው የሥዕል ዓይነት ፒክስል አርት ነው።

ፒክስል ማለት ስክሪን ላይ ያለች ትንሿ የቀለም ነጥብ ናት። በፒክስል አርት ሠዓሊው እያንዳንዷን ነጥብ አንድ በአንድ ራሱ ያስቀምጣል። የኮምቦልቻ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ድርና ማግ የሚገናኙበትን እያንዳንዱን ቦታ ቆጥሮ ቀለም ይመርጣል፤ ክብ ቢፈልግ እንኳ በደረጃ በደረጃ እንጂ በአንዴ አያዞረውም። በሙስሊሙ ዓለምም ካሬ ኩፊ የሚባለው የጽሕፈት ዓይነት በፋርስና በመካከለኛው እስያ መስጂዶች ግድግዳ ላይ በጡብና በሸክላ ንጣፍ፣ ያለ አንዳች ጥምዝ፣ ሙሉ በሙሉ በካሬ ሲጻፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ምልክቶቹን የሠራችው ሱዛን ኬርም ሥራዋን የጀመረችው ካሬ መስመር ባለው ደብተር ላይ፣ 32 በ32 ካሬ እየቆጠረች ነበር። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፦ የካሬ ደብተርና እርሳስ ካለ ሥራ አይቆምም።

ጥበት ሥዕሉን ያበላሻል ብሎ የሚያስብ ማሪዮን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ሲሠራ ሽገሩ ሚያሞቶ ለሰውየው ፊት የነበረው ቦታ ጥቂት ነጥብ ብቻ ነበር። ፀጉር መሳል ሲያስቸግር ኮፍያ ደፋለት፤ አፍ ለመሳል ቦታ ሲያጣ ጺም አወጣለት። ዓለም የሚያውቀው መልክ እንዲህ ከቦታ እጥረት የመጣ ነው።

አሁን ወደ ቡድኑ እንመለስ። እኔ እንደማምነው የተማሪ ጌምን የሚያስቀረው የችሎታ ማነስ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት አለመስማማት ነው። አንዱ ቤቱን በ64 ካሬ ይስላል፣ ሌላዋ ሰውየውን በ20፣ ሦስተኛው ዛፉን ከስልኩ ያመጣል። ስለዚህ አንድም ነጥብ ሳይቀመጥ በፊት ሦስት ነገር ተወስኖ ይጻፍ፦ የአንድ ቁራጭ መጠን፣ የቀለሞቹ ዝርዝርና የስክሪኑ ስፋት።

ለመጠን 16 በ16 ይበቃል። 256 ነጥብ ነው። ወደ 32 በ32 ሲያድግ ነጥቡ 1,024 ይሆናል፤ ጎኑ በእጥፍ ሲጨምር ሥራው በአራት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። አንድ ሰው ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ሲራመድ ለማሳየት በየአቅጣጫው 4 ምስል ቢሠራ 12 ይሆናል፤ ግራው ከቀኙ ተገልብጦ ይገኛል። 5 ሰዎች ካሉ 60 ምስል። ይህን ስሌት በመጀመሪያው ቀን ያልሠራ ቡድን በፈተና ሰሞን ይሠራዋል። «ስታርዲው ቫሊ»ን ኤሪክ ባሮን ሥዕሉንም ኮዱንም ሙዚቃውንም ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቷል፤ በሚሊዮኖች ተሽጧል። የሚረሳው ግን ከአራት ዓመት በላይ የፈጀበት መሆኑ ነው። እናንተ ያላችሁ አንድ ሴሚስተር ነው።

ቀለም ከ16 አይብለጥ። ሁሉም ከአንድ ዝርዝር ሲቀዳ የአራት ሰው ሥዕል የአንድ እጅ ይመስላል። ጥላ ለማውጣት ጥቁር አትጨምሩ፤ ሥዕሉ ይቆሽሻል። ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚያደላ ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ። ብርሃኑም ከአንድ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ከግራ በላይ፣ ይምጣ፤ ይህም በሁሉም ሥዕል ላይ አንድ ይሁን።

ስክሪኑን 320 በ180 አድርጉት። ያ በ6 ሲባዛ 1920 በ1080፣ በ4 ሲባዛ 1280 በ720 ይሆናል። ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ 1366 በ768 ስለሆነ በ4 አባዝቶ ዳር ዳሩን ጥቁር መተው ይሻላል። ስክሪኑን ለመሙላት ተብሎ በሙሉ ቁጥር ካልተባዛ አንዱ ነጥብ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል፤ ሥዕሉም ሲንቀሳቀስ ይንቀጠቀጣል።

ምን ይሳል? ከደጃፍ ጀምሩ። ጀበናን ውሰዱ። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጥቁር ቀለም ሳሉት፤ አንገቱ፣ ጆሮውና አፉ ብቻ አይቶ ጓደኛችሁ «ጀበና ነው» ካለ ቅርጹ ተሳክቷል፣ ቀለም ይጨመር። ካላለ ቀለም አያድነውም። ባጃጅም እንዲሁ ነው፤ ከጎን ሁለት ጎማና የተጠማዘዘ ጣሪያ ይበቃዋል። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ያለው የአርጎባዎች ጥንታዊ መንደር ሾንኬ ደግሞ የድንጋይ ቤቶች ያሉት ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፦ አራት ዓይነት የድንጋይ ቁራጭ ሠርቶ እያቀያየሩ መደርደር ሙሉ ግድግዳ ያወጣል። አንዱን ብቻ ከደጋገማችሁት ዓይን ወዲያው ያውቀዋል።

ሕይወት ያላቸውን ነገሮች መሳልን በተመለከተ በዑለሞች ዘንድ የታወቀ ኺላፍ አለ። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፤ ቡድኑ የሚያምናቸውን ዓሊም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ እንጂ ጌሙ ካለቀ በኋላ አይከራከር። መጠንቀቅ ለሚፈልግም መንገዱ ሰፊ ነው፦ ተጫዋቹ ባጃጅ፣ ጀልባ ወይም የገበጣ ጠጠር ሊሆን ይችላል። የቁርኣን አንቀጽን ግን ለጌጥ ብላችሁ ተጫዋች የሚረግጠው ወለል ላይ አታስገቡ፤ መነሻችን ላይ ያየነው ስህተት ያ ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ብዙ ባለሙያ የሚጠቀምበት አስፕራይት የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ለተማሪ አይመችም። ከእሱ የተገኘው ሊብሬስፕራይት ነጻ ነው፣ ቀላልም ነው። ፒስከልም እንዲሁ ነጻ ነው። ጌሙን ለመገጣጠም ጎዶት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ እዚያ ውስጥ የምስል ማለስለሻው መጥፋቱን አረጋግጡ፣ አለዚያ ነጥቦቹ ይደበዝዛሉ። ምስሉ በፒኤንጂ ይቀመጥ፤ ጄፔግ የነጥቦቹን ቀለም ያደባልቃል። ብዙ ቡድን ሳያውቅ የሚበላሽበት ቦታ ደግሞ ቴሌግራም ነው። ሥዕሉን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ጨምቆ ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፤ ሁልጊዜ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

የመጀመሪያው ሜዳ እንዳለቀ፣ ሌላ ሳትጨምሩ፣ ጌሙን ለአንድ የሰፈር ልጅ ስጡትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አታስረዱት። ልጁ ጣቱን አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ያለበትን ሥዕል ጻፉ፤ ማታ እንደገና የሚሳለው እሱ ነው።