በማክሰኝት ስለ ሁለተኛ ዜግነት የሚነሣ ጥያቄ

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ስለ ሆነ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር «የየትኛው አገር ዜግነት ቶሎ ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት በካናዳ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም ባለፈው ዓመት በስልክ «አንተ ተምረሃልና ሕጉን ተመልከትልኝ፤ ዜግነቱን ልውሰድ ወይስ ልተው?» ብለው ስለ ጠየቁኝ ነው። አያቴ ደግሞ በበኩላቸው «ዜግነቱን ከለወጠ እኔን ለመቅበር ይገባ ይሆን?» ሲሉ ሥጋታቸውን ገለጹልኝ። ስለዚህ ለሁለቱም መልስ መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

በመጀመሪያ ስለ ፍጥነቱ እንመልከት። በካናዳ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ከማመልከቻው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን በአገሩ መኖሩን ማስረዳት አለበት። በአሜሪካ ጊዜው በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ሲሆን፣ የአሜሪካ ዜጋ ላገባና አብሮ ለሚኖር ሦስት ዓመት ነው። ጀርመን ስምንት የነበረውን በ2016 ዓ.ም. ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አደረገች። እንደ ሴንት ኪትስና ዶሚኒካ ያሉ የካሪቢያን ደሴቶች 200,000 የአሜሪካ ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚከፍል ሰው በወራት ውስጥ ዜግነት ይሰጣሉ፤ ይህ ግን ለገበሬ ልጅ የሚታሰብ አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በሥራ ፈቃድ የኖረ ሰው ደግሞ የዘመኑ ብዛት ብቻ ዜጋ አያደርገውም።

ከሁሉ የፈጠነው መንገድ የሚገኘው እዚሁ ጎንደር አጠገብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እስራኤል በ1942 ዓ.ም. ባወጣችው የመመለስ ሕግ መሠረት የገባ አይሁዳዊ ወዲያውኑ ዜግነት ያገኛል። በ1965 ዓ.ም. የሴፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ገለጹ፤ በ1967 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ሕጉ እንዲመለከታቸው ወሰነ። ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ከሱዳን፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወለቃና አምቦበርን የመሰሉ መንደሮችም የጥንት ነዋሪዎቻቸውን አጡ። ሆኖም አባቶቻቸው ሃይማኖታቸውን ለውጠው የነበሩት ወገኖች በዚሁ ሕግ ስላልታቀፉ፣ በየጊዜው የሚወጣውን የመንግሥት ውሳኔ እየጠበቁ ብዙ ዓመታት በጎንደር ከተማ ቆይተዋል። ከዚህ የምንረዳው ፈጣኑን አገር የሚመርጠው ሁልጊዜ ሰውየው አለመሆኑን ነው፤ ብዙ ጊዜ አገሩ ሰውየውን ይመርጣል።

ሁለተኛው ነገር የራሳችን ሕግ ነው። አባቶች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ፤ የኢትዮጵያም ሕግ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ እንዲቀር ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ቢለዋወጡም፣ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በፈቃዱ ሌላ ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ የቀድሞውን እንደ ተወ ይቆጥረዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ለዜጎቿ ጥምር ዜግነትን ፈቅዳለች። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ «ሁለተኛ» የሚባለው ዜግነት በሕጉ ፊት አንደኛውን የሚተካ እንጂ የሚጨመርበት አይደለም።

ታዲያ በሩ ፈጽሞ ተዘጋ ማለት ነውን? አይደለም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ የመታወቂያ ካርድ ይሰጣል፤ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ይህ ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ሊያፈራ ይችላል። የማይፈቀድለት መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ነው። ተመልሶ አገሩ ሊኖር የመጣም የውጭ ዜግነቱን ትቶ ካመለከተ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ ያገኛል። ይህን ለአያቴ ሳስረዳቸው «እንግዲያስ በድምፁ ይቅር፣ ብቻ ይምጣልኝ» አሉኝ።

ሕጉን ሳነብ ግን ያልተጠየቅሁትን ነገር አገኘሁ። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል ይላል። የአጎቴ ልጅ በካናዳ ተወልዶ ባለፈው ጥቅምት 18 ዓመት ሞልቶታል። አጎቴ ስለ ራሳቸው ሲጨነቁ፣ ቀን የሚቆጠርበት ልጃቸው ነበር። ወዲያው ደውዬ ነገርኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ማክሰኝትን አይቷት እንኳ አያውቅም፤ ሳያያት እንዴት ይመርጣል?» አሉ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ «የትኛው አገር ይፈጥናል?» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ ይኸውም የሚተወው ምን እንደ ሆነ፣ ከተወው ውስጥ በመታወቂያው የሚመለስለት የትኛው እንደ ሆነና የልጆቹ ቀን መቼ እንደሚያልፍ ነው። አጎቴ እስካሁን አልወሰኑም። ልጃቸው ግን የመምረጫው ዓመት ሳይሞላ፣ በመጪው ክረምት አያቱን ለማየት ወደ ማክሰኝት ይመጣል።