ጓደኛ ያልሆነው ባለውለታ

በተለምዶ ኔትወርኪንግ እየተባለ የሚጠራው የሙያ ትውውቅ፣ ማለትም ሰዎች በሥራቸው አማካይነት ተዋውቀው መረጃ፣ ምክርና ዕድል የሚለዋወጡበት ግንኙነት፣ በብዙዎች ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ ጉዳይ ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በዘመድ መቀጠርና ያለ ሰው ጉዳይን ማስፈጸም አለመቻል ሲነሣ የኖረ እሮሮ በመሆኑ፣ «እዚያ ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወገንተኝነትን እንጂ ብቃትን አያስታውስም። ይሁን እንጂ ማኅበራዊ ግንኙነትን ያጠኑ ምሁራን የደረሱበት ውጤት፣ አዲስ የሥራ ዕድል ይዞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ውለታ የመዋል ግዴታ ያለበት የቅርብ ዘመድ ሳይሆን፣ እምብዛም የማይገናኙት የሩቅ ሰው መሆኑን ያመለክታል።

ለዚህ አስተሳሰብ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ግራኖቬተር በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው በኒውተን ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችንና ሥራ አስኪያጆችን አነጋግሮ፣ ሥራውን በሰው በኩል ያገኙት ሰዎች ያን ጠቋሚ በወቅቱ በየስንት ጊዜው ያገኙት እንደነበር ጠየቀ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይገናኙ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚገናኙ ነበሩ። ስሌቱ የተሠራው በ54 ሰዎች መልስ ላይ በመሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም፤ ይልቅስ የሚያስደንቀው ጠቋሚው ጓደኛ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ መላሾቹ ጓደኛ ሳይሆን የሚያውቁት ሰው ብቻ እንደሆነ ደጋግመው ማረማቸው ነው። ከጠቋሚዎቹ መካከል የቀድሞ አለቆች፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦችና የኮሌጅ ዘመን ጓደኞች የነበሩ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በአጋጣሚ እስኪገናኙ ድረስ ከናካቴው የተረሱ ነበሩ።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። እጅግ የሚቀራረቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስም የሚተዋወቁ፣ ውሏቸውም ተመሳሳይ የሆነ ሰዎች በመሆናቸው፣ በአንድ የቴሌግራም ቻናል የወጣውን ክፍት የሥራ ቦታ በአንድ ቀን ያዩታል፤ አንዱ የሚነግረውን ሌላውም ቀድሞ ሰምቶታል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ሰው ግን የራሱ የሆነ ሌላ ክበብ ስላለው፣ በዚያ ክበብ ያረጀው ወሬ ለዚህኛው አዲስ ይሆናል፤ ግራኖቬተር ሁለት ክበቦችን የሚያገናኘውን እንዲህ ያለውን ትስስር ድልድይ ብሎታል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚያሰኘው ዝንባሌ ተፈጥሯዊ ቢሆንም ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ በስደተኛ ማኅበረሰቦች ኑሮ ይታያል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለአዲስ መጪው ኢትዮጵያዊ ማደሪያ የሚሰጠው፣ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚረዳውና የመጀመሪያ ሥራ የሚያስገኝለት ዘመዱ ወይም የአገሩ ልጅ ሲሆን፣ ሥራውም ያ ዘመድ በሚያውቀው የታክሲ ወይም የመኪና ማቆሚያ መስክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአገሩ መሐንዲስ የነበረው ሰው የሙያ ፈቃዱን የሚያስመልስበትን መንገድ የሚያመለክተው ግን በዚያው ሙያ ያለ፣ ምናልባትም በማታ ትምህርት የተዋወቀው ባዕድ ሊሆን ይችላል። ይህ የዘመዱን ውለታ አያሳንሰውም፤ ለተራበ ሰው እንጀራ የሚያቀርበው የሩቅ ትውውቅ አይደለምና።

ሐሳቡ በሰፊው በሙከራ የተፈተነው ከአምስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሊንክድኢን በተሰኘው የሙያ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ለአምስት ዓመታት የተደረጉ ሙከራዎችን ተንትኗል፤ ገጹ ለተጠቃሚዎቹ «ይህን ሰው ሳያውቁት አይቀሩም» እያለ የሚጠቁማቸውን ሰዎች ዓይነት በመለዋወጥ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚመለከት መረጃ ተሰብስቧል። ውጤቱ ግራኖቬተርን ደግፎ አንድ ማስተካከያ አከለበት፤ ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዳው መጠነኛ ቅርበት ያለው፣ ማለትም ጥቂት የጋራ ወዳጆች ያሉት ትውውቅ እንጂ ፈጽሞ የማይታወቅ ሰው አልነበረም። ከዚህም ሌላ የሩቅ ትውውቅ ጥቅም ጎልቶ የታየው ዲጂታል ቴክኖሎጂ በተስፋፋባቸው የሥራ መስኮች ሲሆን፣ ባልተስፋፋባቸው የቅርብ ትስስር የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አሁንም ሥራው በእጅና በፊት ለፊት ግንኙነት በሚመራባቸው አገሮች የሚኖር አንባቢ ይህን ሁለተኛ ግኝት ችላ ሊለው አይገባም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ድልድይ የሚሆን ሰው የሚገኝበት ቦታ የሆቴል አዳራሽ ብቻ አይደለም። እንዲያውም በዐውደ ጥናት ላይ ባለሙያው የሚያገኘው መሰሎቹን ሲሆን፣ በሻይ ዕረፍት ጊዜም ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ትተውት የመጡትን የቢሮ ወሬ ይቀጥላሉ። በሰፈር ዕድር ድንኳን ሥር ግን የባንክ ሠራተኛው፣ ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ ጡረታ የወጣው መምህርና የእህል ነጋዴዋ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ስለ ሥራ ማውራት ነውር መሆኑ ሳይዘነጋ፣ የዕድር አሠራር ለሙያ ትውውቅም የሚያገለግል ሥርዓት አለው፤ አባሉ መዋጮውን የሚከፍለውና በሌላው ቀብር የሚገኘው ሐዘኑ በእርሱ ደጅ ሳይደርስ አስቀድሞ ነው። ችግር ሲገጥመው ብቻ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ መዋጮ ሳይከፍል ድንኳን የሚጠይቅ ሰው ይመስላል።

ትውውቅ የሚጠፋው በጠብ ሳይሆን በመረሳት ነው። በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ «ዳዊት ሥልጠና»፣ «ሄለን አዳማ»፣ «ኢንጂነር ወርክሾፕ» ተብለው የተመዘገቡ ቁጥሮች ሞልተው ሳለ፣ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ዳዊት የትኛው እንደነበር ባለስልኩም አያውቀውም። በስብሰባው መዝጊያ የሚከፈተው የቴሌግራም ግሩፕም የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶግራፍ ከተለቀቀበት በኋላ፣ በዓል በመጣ ቁጥር አበባና ሻማ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ሥዕል ብቻ የሚተላለፍበት ይሆናል፤ ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ ሥዕል ደግሞ ላኪውን አያስታውስም። ለማነጻጸር ያህል፣ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ በሥልጠና ላይ ላገኘቻቸው አንጋፋ ኦዲተር ከሁለት ወር በኋላ «ጤና ይስጥልኝ፤ ሲቪዬን ልኬልዎታለሁ፤ ሥራ ካለ ያስታውሱኝ» ብላ ብትጽፍ፣ ኦዲተሩ ማንን እንደሚያስታውሱ ግራ ይገባቸዋል። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ «ጤና ይስጥልኝ፤ በሻይ ዕረፍት ላይ ስለ ንብረት ቆጠራ ልዩነት የጠየቅሁዎ የአዳማው ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንዳሉኝ የዕቃ መመዝገቢያ ቢን ካርዱን ከወጪ ደረሰኞቹ ጋር ሳመሳክረው፣ ልዩነቱ ካልተመዘገበ ተመላሽ ዕቃ የመጣ ሆኖ አገኘሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ብትጽፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ መልእክት ምንም አይጠይቅም፤ ቦታውን፣ ጉዳዩንና የምክሩን ፍሬ ይዞ በመቅረቡ ኦዲተሩ ወጣቷን ከነሥራዋ ያውቋታል፣ ስለ ንብረት ቆጠራ በተነሣ ቁጥርም የምትታወሳቸው እርሷ ትሆናለች።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መልእክት የማይልከው በስንፍና ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ስለ ይሉኝታው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት አንድ ነገር ይናገራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩ ሰዎች ሌላው ወገን ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲገምቱ፣ ግምታቸው ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለዓመታት ተቋርጦ የቆየ ግንኙነትም ቢሆን የሞተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ላይ፣ ሥራ አስኪያጆች ለዓመታት ያላነጋገሯቸውን የቀድሞ የሥራ ሰዎች ስለ አንድ የሥራ ጉዳይ እንዲያማክሩ ሲደረግ፣ ያገኙት ምክር ጠቃሚና አዲስ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች እስከዚያው ሌላ ዓለም ሲያዩ ቆይተዋል፣ የቀድሞው መተማመን ግን እንዳለ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁሉንም ሰው መያዝ አይቻልም። እንግሊዛዊው ምሁር ሮቢን ደንባር አንድ ሰው አጽንቶ ሊይዘው የሚችለው ግንኙነት 150 ገደማ እንደሆነ ያቀረበው ግምት እስካሁን የሚያከራክር ቢሆንም፣ ገደብ መኖሩን የሚክድ አይገኝም፤ ስለዚህ በአንድ ስብሰባ ሠላሳ ቢዝነስ ካርድ ሰብስቦ ከመመለስ ከሁለት ሰዎች ጋር በደንብ መነጋገር ይመረጣል።

ወደ ወገንተኝነቱ ጥያቄ ስንመለስ፣ መስመሩ የሚሠመረው በሚጠየቀው ነገር ዓይነት ነው። ክፍት ቦታ መኖሩን፣ ሥራው ምን እንደሚፈልግና ማመልከቻው ለማን እንደሚቀርብ መጠየቅ መረጃ መጠየቅ ሲሆን፣ ፈተናው እንዲታለፍ ወይም ተወዳዳሪ እንዲጣል መጠየቅ ሌላውን መበደል ነው። በመካከል ያለው ከበድ የሚለው ጉዳይ፣ አንድን ሰው ለሌላ ማስተዋወቅ ነው። አስተዋዋቂው በማስተዋወቁ የራሱን ስም ያስይዛል፤ የተዋወቀው ሰው በቀጠሮው ባይገኝ ወይም ሥራውን አበላሽቶ ቢሄድ የሚወቀሰው አስተዋዋቂው ነው። ይህም ሆኖ ብዙዎች ከተዋወቁ በኋላ ነገሩ ተሳክቶ እንደሆነ ወይም ሳይሳካ ቀርቶ እንደሆነ ለአስተዋዋቂው አይነግሩትም፤ አስተዋዋቂው ውጤቱን ከሌላ አፍ ከሰማ ወይም ጨርሶ ሳይሰማ ከቀረ፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ ስልክ ለመደወል ያመነታል፤ የሚጎዳው ደግሞ በጥፋቱ የሌለበት ያ ሦስተኛው ሰው ነው።