መጽሐፍ ቅዱስ በአሜሪካ ክፍል ውስጥ፦ ማን ያብራራው?

አሜሪካውያን መጽሐፍ ቅዱስ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይነበብ አይነበብ እያሉ መሟገት ከጀመሩ ሁለት ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሙግቱ የአማኝና የኢአማኒ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ቀድሞ ደም የተፋሰሱት ግን ክርስቲያኖች ናቸው።

በዚያን ዘመን የፊላደልፊያ ተማሪዎች ቀናቸውን የሚጀምሩት ፕሮቴስታንቶች በሚጠቀሙበት በኪንግ ጄምስ ትርጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 የካቶሊኩ ጳጳስ ፍራንሲስ ኬንሪክ የካቶሊክ ልጆች የራሳቸውን ትርጉም እንዲያነቡ ይፈቀድላቸው ብለው ለትምህርት ቦርዱ ጻፉ። ጳጳሱ መጽሐፉ ይውጣ አላሉም። የተነዛው ወሬ ግን "ካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስን ከትምህርት ቤት ሊያስወጡ ነው" የሚል ሆነ። ብዙዎቹ ካቶሊኮች የአየርላንድ ስደተኞች መሆናቸው ደግሞ ነገሩን አባባሰው። በ1844 ከተማዋ በሁከት ታመሰች፤ ሰው ሞተ፤ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ አውግስጢኖስ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ።

ኋላ ላይ ፊላደልፊያ በምትገኝበት በፔንሲልቬንያ ግዛት የጸናው ሕግ ብልህ መላ ይመስላል፦ በየቀኑ ቢያንስ 10 ቁጥር ይነበብ፣ ማብራሪያ ግን አይሰጥ። አብነት ትምህርት ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። እኛ ዘንድ ንባብ መነሻ ነው፤ ትርጓሜ የራሱ ጉባኤና የራሱ መምህር አለው። ደግሞስ የትኛው ምዕራፍ፣ በየትኛው ትርጉም ይነበብ ብሎ የሚመርጠው ሰው ሳያብራራ አብራርቶ የለም ወይ?

በ1956 በዚያው በፔንሲልቬንያ ኤለሪ ሼምፕ የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ በንባቡ ሰዓት ቁርኣን ይዞ ማንበብ ጀመረ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተላከ፤ ቤተሰቡም ክስ መሠረተ። በ1963 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤት የሚመራው የአምልኮ ንባብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል 8 ለ 1 ወሰነ። መጽሐፉን ግን አላባረረም፤ በሥነ ጽሑፍነቱና በታሪክነቱ፣ ያለ ወገንተኝነት፣ ማስተማር እንደሚቻል በዚያው ውሳኔ ተጽፏል።

የዛሬው ጭቅጭቅ "ያለ ወገንተኝነት" በሚለው ላይ ነው። በ2024 መጨረሻ የቴክሳስ የትምህርት ቦርድ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ታሪኮች ያሉበትን የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት 8 ለ 7 አጸደቀ። ትምህርት ቤቶች አይገደዱም፤ ለሚጠቀሙበት ግን ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል። ከትምህርቶቹ አንዱ የዳ ቪንቺን ሥዕል አስታኮ ስለ መጨረሻው እራት ያነሳል። እንግዲህ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ኅብስቱ ምንድን ነው?" ቢልስ? ለኦርቶዶክሱና ለካቶሊኩ የጌታ ሥጋ ነው፤ ለብዙ ፕሮቴስታንቶች መታሰቢያ ነው። ሙስሊሙና አይሁዱም እዚያው ክፍል ተቀምጠዋል። መምህሯ የሠለጠነችው ንባብና ሒሳብ ለማስተማር ነው። ያን ጥያቄ በእሷ ላይ መጣል ለእሷም ለልጁም ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ቴክሳስ የምትኖሩ ወላጆች፣ የልጃችሁ ትምህርት ቤት ይህን ሥርዓተ ትምህርት ይጠቀም እንደሆነ ጠይቁ። የማስተማሪያ ጽሑፉን የማየት መብት በግዛቱ ሕግ ተሰጥቷችኋልና አስመጥታችሁ አንብቡት።